ውል

ፔንሲልቫኒያ ነው፣ ከሐዲዱ ወዲህ፣ ከወንዙ ዳር ሰፈር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በቶርኖ ላይ ቆሜ ሜፕል ስመረምር።
የቤዝቦል ዱላ ነው ሥራዬ፤
ብናኙ አይለቅም ከቅንድቤ በላይ፣ ከሱፍ ካልሲዬ።

ይህን ሰሞን ከተማው አንድ ወሬ ብቻ ነው የሚያላምጠው፣
ሬዲዮው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ባለ ነዳጁ ሰው፣
«ራዳሜስ ኪሮጋ ያን ሁሉ ሚሊዮን ያወጣል ወይ?» የሚለው።
ዘጠኝ ዓመት ውል ነው።
ሁለት መቶ ሰማንያ ሚሊዮን ዶላር ነው።

ሃርላን፣ ባለ ነዳጁ፣ ወረቀት ዘርግቶ ያባዛል፣ ያካፍላል፦
«በአንድ ምት ሲሰላ የእኔን የዓመት ደሞዝ ሦስቴ ያስከፍላል!
ቢስትም ይከፈላል፤ ቢታመም ይከፈላል፤
ሠላሳ ዘጠኝ ሲሞላው ወገቡን ታቅፎ ቁጭ ብሎ ይበላል!»

ፀጉር ቆራጯ ሎርና መቀሷን አንሥታ ትቆጣለች፤
«ያቺን የመስከረም ማታ በስንት ትተምናታለህ?» ትላለች።
«ዝናብ እያካፋ፣ ሁለት ሰው ወጥቶብን፣ ሰው ሁሉ ተክዞ ተቀምጦ፣
ኳሷን ከመብራቱ ማዶ ሲያሻግራት ጨለማውን ቆርጦ፣
ከአባቴ ጋር ታርቄያለሁ ያን ምሽት፤ አቅፎኛል ሳያስበው፤
በዚያው ክረምት ሞተ። ይኸንን በየትኛው ዓምድ ነው የምትደምረው?»

ሃርላን ዝም አለ። እርሳሱን ነከሰ።
ዝምታው ግን ከሂሳቡ ምንም አልቀነሰ።

እኔ አልተናገርኩም።
ለእኔ ሰውየው በቴሌቪዥን አይደለም የሚመጣው፤
በካርቶን ነው፣ ስብርባሪ ሆኖ፣ በዓመት ሁለቴ ነው።
ሌላው የመታውን ይቈጥራል፣ እኔ የሰበረውን፤
ከስንጥቁ ቦታ አነባለሁ ክንዱን፣ ዳሌውን፣ ዓይኑን።

ድሮ ሲሰብር ጫፉ ላይ ነበረ፤
ቸኩሎ፣ ቀድሞ፣ ኳሷ ሳትደርስ ዱላው እየበረረ።
አምና ወደ መሃል።
ዘንድሮ ስንጥቁ እጀታው ሥር ገብቷል፣ ከጣቱ አጠገብ ውሏል።
ኳሷ ትቀድመዋለች፤
በቅንጣት ሰከንድ፣ ዓይን በማያያት፤ ግን አለች።

ሐሙስ ማታ ደወለ፤ ወኪል የለ፣ ጸሐፊ የለ፤
«ዴሎሬስ፣ አንድ አውንስ ቀንሺልኝ፤ ለማንም አይነገር» አለ።

አንድ አውንስ! የቁራሽ ዳቦ ክብደት፣ የአንድ ተራ ደብዳቤ፤
ሁለት መቶ ሰማንያ ሚሊዮን ከዚያች ላይ ተንጠልጥሎ ዐደረ ከልቤ።
የክለቡ ሰዎች ካሜራ አላቸው፣ ሐኪም አላቸው፣ ሂሳብ ዐዋቂ፤
ለተሰበረ እንጨት ግን የለም ጠያቂ።

እንጨትም ውል አለው፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከጫፍ እስከ እጀታ፤
ውሉን የሳተ እንደሆን፣ ቀለሙ ቢያምርም፣ ይከዳል አንድ ማታ።
የሱን ጠበቆች ናቸው የጻፉት፣ በሦስት ሳምንት ጫጫታ፤
ይኼኛውን ስልሳ ክረምት ጻፈው፣ በውርጭ፣ በዝምታ።
እና ራሴን ጠየቅሁ፦ የሚፈርሙለት ውል ነው ወይስ ውለታ?
ለሚመታው ነው የሚከፈለው፣ ወይስ ለመታው፣ ለዚያች ለሎርና ማታ?
ውል ከሆነ አያዋጣም፤ ስንጥቁን አይቻለሁ።
ውለታ ከሆነ ግን፣ ማነው የሚተምነው? እኔም ዝም እላለሁ።

ዓርብ ጠዋት ቶርኖውን አስነሣሁ። ጣቴ ትንሽ ዘገየ፤
መሮው ሾለከና ፀጉር የምታህል ጭረት እንጨቱ ላይ ታየ።
ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤
የዘጠኝ ዓመት ውል ለእኔ ማን ይፈርመው?
በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ ጠፋ።

ሚዛን ላይ አኖርኩት፦ ሠላሳ አንድ አውንስ፤ በፊት ሠላሳ ሁለት።
ስሙን አተምኩበት። ክብደቱ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶውን ተውኩት።

ሃርላን በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፦ «አንቺስ ምን ትያለሽ? ያወጣል?»
«ዱላው መቶ አሥር ዶላር ያወጣል» አልኩት፤ «ሌላው ከእጄ ይወጣል።»

ውጭ ማካፋት ጀምሯል።
ካርቶኑን በላስቲክ ጠቀለልኩት።